ታሪክ በአንድ ምስክር አይፈረድም

ዳኛ በሸንጎ ተቀምጦ አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ ቢፈርድ፥ የተረታው ይግባኝ ይላል፤ የሰማውም ሁሉ ዳኛውን ፍርደ ገምድል ይለዋል። ስለ አንድ ጋሻ መሬት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ፥ በአባቶቹ ዘመን ላይ ሲፈርድ ግን በአንድ ምስክር መርካቱ የሚያስደንቅ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ታሪክ ማለት የነገሥታትን ስምና የነገሡበትን ዓመት በቃል ማጥናት ሆኖ ቀርቷል። ተማሪው ስሙን ይቈጥራል፤ ነገሩ በምን እንደ ታወቀ ግን አይጠየቅም፥ እርሱም አይጠይቅም።

የንጉሥ ኢዛና ነገር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሩፊኖስ በላቲን ቋንቋ በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፥ ፍሬምናጦስ ወደ ንጉሡ ቤት እንዴት እንደ ገባና በአትናቴዎስ እጅ እንዴት እንደ ተሾመ ይተርካል፤ የንጉሡን ስም ግን አይናገርም። ስሙ የሚገኘው የታላቁ ቈስጠንጢኖስ ልጅ ቄሣር ቈንስጣንዮስ፥ በአውሮጳ አቈጣጠር በ356 ግድም ለኢዛናና ለሳይዛና በላከው ደብዳቤ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ ነገሥታቱን አብርሃና አጽብሐ ይላቸዋል። እምነቱን መለወጡን ገንዘቡ ይመሰክራል፤ በፊተኛው ገንዘብ ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት በኋለኛው ገንዘብ በመስቀል ተተክቷልና። በግሪክ ቋንቋ የተቀረጸው የድንጋይ ጽሕፈትም በክርስቶስ ማመኑን ይናገራል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢሰማ ታሪኩ ጐደሎ ይሆናል።

በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቀው ጥንታዊ ወንጌል ደግሞ ትዕቢተኞችን ያሳፍራል። ገዳሙ መጽሐፉን የአባ ገሪማ የእጅ ሥራ ነው ብሎ ሲጠብቀው ኖረ፤ የውጭ አገር ሊቃውንት ግን ብዙ ዘመን ሳይቈይ በ11ኛው መቶ ዓመት ግድም የተጻፈ ነው ይሉ ነበር። በኋላ ከብራናው የተወሰደ ጥቂት ቍራጭ በኦክስፎርድ በራዲዮካርቦን ቢመረመር፥ ብራናው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኘ። የመነኰሳቱን ቃል የናቀ ሁሉ አፈረ። ነገር ግን በዚህ የሚመካም ልኩን ይወቅ፤ ይህ መለኪያ ቆዳው የተገፈፈበትን ዘመን ይናገራል እንጂ የጻፈው ማን እንደ ሆነ አይናገርም። ፊደሉን የሚመረምር፥ ሥዕሉን የሚያነጻጽር፥ ንባቡን ከግሪኩ ጋር የሚያስተያይ ሌላ ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

መሬትም ምስክር ነው። ካርል ቡትዘር የተባለው የመልክዐ ምድር ሊቅ በ1981 የአክሱምን ድካም ከዝናብ መለዋወጥና ከአፈር መሸርሸር ጋር አያይዞ ጻፈ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ የአፈር መርማሪዎችም አሳቡን ተከራከሩት። ክርክሩ ራሱ ለተማሪ ትምህርት ነው፤ የመንግሥት ዕድል በጦርና በዙፋን ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም እንደሚወሰን ያያልና።

«ሁሉን የነካካ አንዱንም አይጨብጥም፤ ትምህርት ሲቀላቀል ተማሪው ይደናገራል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ከየትምህርቱ ቍንጽል ለቅሞ ዐዋቂ የሚመስል ሰው ሞልቷል። ነገር ግን ዳኛ የአንጥረኛን ምስክርነት ለመስማት አንጥረኛ መሆን አያሻውም፤ እንዴት እንደሚጠየቅ ማወቅ ይበቃዋል። የታሪክ መምህርም እንዲሁ ነው። የግእዙ መምህር፥ የመልክዐ ምድሩ መምህርና የሳይንሱ መምህር ስለ አንድ ዘመን በአንድነት ቢያስተምሩ፥ እያንዳንዱ ሙያውን እንደ ያዘ ይኖራል፤ ተማሪው ግን ምስክሮቹን ፊት ለፊት ያገኛል።

የነገሥታት ስም መጠናቱ ይቅር የሚል የለም። ነገር ግን ከስሙ ጋር «ይህ በምን ታወቀ?» የሚል ጥያቄ ያልተማረ ልጅ፥ ካደገ በኋላ ማንም አንደበተ ርቱዕ የፈለገውን ታሪክ ብሎ ቢነግረው አሜን ብሎ ይቀበላል። ስለ ሐሰተኛ ታሪክም ወንድም በወንድሙ ላይ ሲነሣ፥ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን ምስክር መጠየቅን ያላስተማሩት መምህራን ነው።