ጣሳው የማን ነው?

«ፖፕ አርት ለእኛም ይበጃል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ማስረጃቸው በካፌ ግድግዳ ላይ በደማቅ ቀለም የተሳለ የለስላሳ ጠርሙስ ነው። እኔ ግን አልቀበለውም።

አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1962 የካምቤል ሾርባ ጣሳዎችን በ32 ሸራዎች ላይ ሥሎ ለእይታ ሲያቀርብ፣ የሣለው የገዛ አገሩን ጓዳ ነበር። ተመልካቹ በሥዕሉ ውስጥ የራሱን ምሳ አየ። እኛ የሰውን ጠርሙስ ስንገለብጥ የማንን መልክ እናሳያለን? ይህ ያለ ክፍያ የሌላውን ሸቀጥ ማስተዋወቅ ነው።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰ ወዲህ የባሕር ማዶ ሸቀጥ ሲራገፍባት ኖሯል። ዕቃ ዓይን እንዴት እንደሚያማልል ከከፊራና ከታይዋን ገበያ የበለጠ አስተማሪ አያሻንም። ሆኖም እዚህ ዕቃ ተገዝቶ ወዲያው አይጣልም። ጣሳው መስፈሪያ፣ ጄሪካኑ ውኃ መቅጃ ይሆናል፤ የሞተው ሬዲዮ ለሌላው መለዋወጫ ይሰጣል። የእኛ ታሪክ የሚጀምረው የዋርሆል ታሪክ ካበቃበት ነው።

ይህን የተረዳ ሠዓሊ አዲስ አበባ ውስጥ አለን፤ ኤልያስ ስሜ። የተጣሉ የኮምፒዩተር ክፍሎችንና የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ከመርካቶ እየገዛ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ ግዙፍ ሥራ ያደርጋቸዋል። ከሩቅ ሲያዩት ከሰማይ የታየ ማሳ ይመስላል፤ ሲቀርቡት የዓለም ትርፍራፊ ነው። ተመልካቹንም «የማን ትራፊ ደረሰህ?» ብሎ ይጠይቃል።

እንግዲህ የድሬ ሠዓሊ ሆይ፣ ጠርሙሱን ለባለቤቱ ተውለት። በእጃችን አልፎ የተጠገነውን፣ የተበየደውን፣ ዳግም የተወለደውን ሣልልን።