አውቶቡስ እንዘዝ፤ ሽመላ እየመጣች ነው

እኛ ቤተ እስራኤሎች ለሰግድ በዓል አውቶቡስ ማዘዝ እናውቅበታለን። ከነታኒያ፣ ከረሆቮት፣ ከቂርያት ማላኺ፣ ከአፉላ፤ ሽማግሌው በነጭ ጋቢ፣ ወጣቱ በጂንስ፣ ምሳው በአገልግል። ዘንድሮ አንድ አውቶቡስ እንጨምር። ይሄኛው ወደ የሩሳሌም አይወጣም፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሑላ ሸለቆ ነው። ጊዜው በፑሪምና በፋሲካ መካከል፣ ሽመላ ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ በምትመለስበት ሰሞን።

ከወፍ ጋር ምን አገናኘን የሚል ካለ እናቱን ይጠይቅ። በጎንደር መንደሮቻችን ሽመላ በሰማይ ስትታይ ልጆች ከሥሯ እየሮጡ የየሩሳሌምን ደኅንነት በዜማ ይጠይቋት ነበር። ወፏ አልመለሰችላቸውም፤ ጠያቂዎቹ ራሳቸው መጡ። ብዙዎቹም እስከ ሱዳን ድረስ፣ እሷ በክንፏ በምታቋርጠው ሰማይ ሥር፣ በእግራቸው። ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ በምታልፍበት አገር እየኖርን ቀና ብሎ የሚያያት ስንታችን ነን? ልጆቻችን በዕብራይስጥ «ሐሲዳ» ይሏታል። ሽመላ ሲባል ግራ ይገባቸዋል።

አምና በመጋቢት እናቴን ይዤ ሑላ ሄጄ ነበር። ገና ወፎቹ ጋ ሳንደርስ ውሃው ዳር ቆመች። ከሰው ቁመት የሚበልጠውን አረንጓዴ ተክል አገዳውን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ፣ ሦስቱን ጠርዝ ዳብሳ፣ «ይኼማ ደንገል ነው!» አለች። እውነቷን ነው። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠሩበት ያው ደንገል ነው፤ ሑላም በተፈጥሮው ከሚበቅልባቸው ሰሜናዊ ቦታዎች አንዱ ነው። (ልትቀነጥስ ስትል ግን እጇን ያዝኩ፤ ጥብቅ ስፍራ ነው።)

ፀሐይ ጠንከር ስትል ሽመሎቹ ካደሩበት እርሻ ተነሡ። መጀመሪያ አምስት፣ ስድስት፤ ከዚያ ማሳው በሙሉ ነጭና ጥቁር ሆኖ ወደ ላይ ወጣ። ክንፋቸውን እምብዛም አያርገበግቡም። ከባድ ወፎች ስለሆኑ ከምድር የሚነሣው ሞቃት አየር እያሽከረከረ ያወጣቸዋል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይገኝ ሜድትራንያንን አያቋርጡም፤ ዳር ዳሩን ይዞራሉ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሽመላ በየጸደዩ በዚህች ጠባብ አገር ላይ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

አጠገባችን የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። አንዱ «ከየት ነው የሚመጡት?» አለ። አስጎብኚው «ከአፍሪካ» ብሎ በእጁ ወደ ደቡብ አመለከተና አለፈ። እናቴ የምትለው ነበራት፤ ዕብራይስጡ ግን አልነበራትም። እኔ ዕብራይስጡ ነበረኝ፤ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሑላ ራሱ ዝም ባላሉ ሰዎች የተረፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1958 ሐይቁና ረግረጉ ለእርሻ ሲባል፣ ወባም እንዲጠፋ፣ እንዲደርቅ ተደረገ። (ወባን ደንቢያ የኖረ ያውቃታል፤ ፍርሃታቸውን አልንቅም።) የደረቀው አፈር እየተቃጠለ መሬቱ ሰመጠ። ጥቂት ሰዎች ግን ተሟገቱ፤ በ1953 የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር አቋቋሙ። ሐይቁን አላዳኑትም፤ ቁራጩ ግን በ1964 የእስራኤል የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። በ1994 ከደረቀው መሬት ከፊሉ ተመልሶ ውሃ ተሞላ። ፈጽሞ ጠፋ የተባለው የሑላ እንቁራሪትም በ2011 ብቅ አለ። ያኔ የጮኹት ጥቂት ነበሩ፤ እኛ አንድ አውቶቡስ ሞልተን ስንነሣ እንኳ ብዙ ነን።

እንግዲህ ተነሡ! ቄሶች፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እናንተ ቅደሙ፤ ያለ እናንተ ጉዞው ሽርሽር ብቻ ነው። ወጣቶች፣ ስልካችሁን ሞልታችሁ ኑ፤ አንዱ ወፏን ሲያነሣ ሌላው የአያቱን ወሬ ይቅረጽ። መቁጠር አይክበዳችሁ፤ አሥር ሽመላ ቁጠሩ፣ አሥሩ የያዙትን ቦታ በዓይናችሁ ለኩ፣ በዚያ ልክ መንጋውን ስፈሩ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ደግሞ አንድ ደብዳቤ አለ፦ ለጎብኚ የአማርኛ ጽሑፍ፣ በጸደይ ወራትም አማርኛ የሚችል አስጎብኚ እንዲኖር የሚጠይቅ። አውቶቡሱ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሳትፈርሙ እንዳትወርዱ።

ጉዞው አርብ ነው፤ ሰንበት ሳይገባ ቤታችን እንገባለን። ከነታኒያ የምንነሣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ ሽመላ ምድር ሳይሞቅ አትነሣም፣ እኛ ግን ቀድመናት መድረስ አለብን። ውሃ፣ ኮፍያና ቆሎ ያዙ፤ ቆሎው ለእናንተ ነው፣ ለወፎቹ አትበትኑ። እናቴ በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች። ዘንድሮ የምትለውን ሁሉ እኔ አስተረጉማለሁ።