«ሴቶቹ አልጻፉም» ለሚሉ ሰዎች የተሰጠ መልስ

ልጆቼ ሆይ፤ የአሜሪካን የጥንት ድርሰት አንብበናል የሚሉ ሰዎች ሲከራከሩ አንድ ነገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይኸውም «በዚያ አገር በመጀመሪያው ዘመን ሴቶች ያልጻፉት የሚጽፉት ነገር ስላልነበራቸው ነው፤ የጻፉ ቢኖሩም ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ እነሱም ተአምር ናቸው» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ለጆሮ ይጥማል፤ ዳሩ ግን ሁለት ስሕተት በአንድ ከረጢት ይዞ ይዞራል። አንደኛው፥ ዝም ያሰኙትን ሰው ዲዳ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው፥ የተናገረውን ሰው ተአምር ነው ብሎ ከሰው ተራ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ምስጋና ስለሚመስል ከፊተኛው ይብሳል። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ ከትምህርት ቤት እንነሣ፤ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚያ ነውና። የማሳቹሴትስ ሰፋሪዎች በ1642 ባወጡት ሕግ ወላጆችና የቤት ጌቶች ልጆችን ማንበብ እንዲያስተምሩ አዘዙ። እያንዳንዱ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን በገዛ ዓይኑ ማየት አለበት የሚል እምነት ስለ ነበራቸው ሴት ልጅም ማንበብ ትማር ነበር። መጻፍ ግን ሌላ ትምህርት ነው። ንባብን ሴት በቤቷ ልጆች ሰብስባ ታስተምራለች፤ ጽሕፈትን ግን ወንድ መምህር ለነጋዴ ልጅና ለጸሐፊነት ለታጨ ልጅ እንደ አንድ የእጅ ሙያ ያስተምራል። ስለዚህ መዝሙረ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር የምታነብ ሴት ውል በቀረበላት ጊዜ ስሟን መጻፍ አቅቷት ምልክት ታደርግ ነበር። ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችንም የቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ሁሉ መጻፍ ያውቃል ማለት አልነበረም፤ ጽሕፈት የቁም ጸሐፊ ሙያ ነበርና። እንግዲህ ለሰው ጆሮ ሰጥቶ አፍ መንሣት ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ «ለምን አልጻፈችም?» ማለት እግሩን ያሰሩትን ሰው «ለምን አልሮጥህም?» ብሎ እንደ መውቀስ ነው።

የዚያኑ ዘመን ሰዎች ራሳቸውን ምስክር ልጥራ። የማሳቹሴትስ ገዥ የነበረው ጆን ዊንትሮፕ በ1645 በማስታወሻው ላይ የኮኔክቲከት ገዥ የኤድዋርድ ሆፕኪንስ ሚስት አእምሮዋ እንደ ታወከ ጻፈ። ምክንያቱንም ሲገልጽ፥ ብዙ ዓመት ሙሉ ለማንበብና ለመጻፍ ራሷን ስለ ሰጠች ነው አለ፤ የቤቷን ሥራ ይዛ ለሴት የሚገባውን ብቻ ብትከተል ኖሮ በጤና በኖረች ነበር ብሎም ፈረደ። እሱ ራሱ ያን ያህል ዓመት ማስታወሻ ሲጽፍ የገዛ አእምሮው ለምን እንዳልታወከ ግን አልመረመረም። ከሁሉ የሚደንቀው፥ ሴቲቱ ብዙ መጻሕፍት ጽፋ ነበር ሲል የመሰከረው እሱ ራሱ መሆኑ ነው። «አልጻፉም» ለሚለው ሰው ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይምጣለት?

አሁን ደግሞ ወደ ታተሙት እንለፍ። አን ብራድስትሪት ከባሏና ከአባቷ ጋር በ1630 ከእንግሊዝ አገር ተሻግራ የመጣች ሴት ናት። ስምንት ልጆች ወልዳ እያሳደገች ግጥም ትጽፍ ነበር። የእኅቷ ባል ጆን ዉድብሪጅ ግጥሞቿን ወደ ለንደን ወስዶ በ1650 አሳተመ፤ እሷ ሳታውቅ ነው ይባላል። በመጽሐፉ ፊት ገጽ ላይ የተጻፈው «በዚያ አገር ያለች አንዲት ጨዋ ሴት» የሚል ነው እንጂ ስሟ አይደለም። ርእሱ ደግሞ «አሥረኛዪቱ ሙዛ» ይላል፤ ሙዛዎች የጥንት ግሪኮች የግጥምና የጥበብ አማልክት ያሏቸው ዘጠኝ ሴቶች ናቸው። ስምንት ልጅ ያጠበችና ያበላች ሴት በአንድ ቀን ጣዖት ተደረገች ማለት ነው! ዉድብሪጅም በመቅድሙ ላይ ለአንባቢ ዋስ ሆኖ ቆመ። ግጥሙን የጻፈችው ከእንቅልፏና ከዕረፍቷ በቀነሰችው ሰዓት ነው፤ የቤቷን ሥራ አልበደለችም ብሎ መሰከረ። እኔ ብዙ የወንዶች መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ በአንዱም መቅድም ላይ ደራሲው እንጨት ሳይፈልጥ አልቀረም የሚል ዋስትና አላየሁም። ብራድስትሪት ራሷ ያረመችው ሁለተኛው እትም በቦስተን የወጣው በ1678 ነው፤ እሷ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልቤን የሚነካው የፊሊስ ዊትሊ ነገር ነው። ይህች ልጅ በምዕራብ አፍሪካ ተወልዳ በ1761 ገና የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ሕፃን ሳለች በቦስተን ወደብ ለባርነት ተሸጠች። ስሟን እንኳ ያገኘችው ካመጣት መርከብ ስም ነው። በገዟት ሰዎች ቤት ማንበብና መጻፍ ተማረች፤ በ1767 አንድ ግጥሟ በጋዜጣ ወጣ፤ በ1770 ስለ አንድ ስመ ጥር ሰባኪ ሞት የጻፈችው ሙሾ ስሟን ባሕር አሻገረው። በ1772 የግጥሞቿን ጥራዝ በቦስተን ለማሳተም ታሰበ። የዚያን ጊዜ ልማድ፥ ገዢዎች አስቀድመው ስማቸውን ያስመዘግቡና ቁጥራቸው ሲበቃ አታሚው ሥራውን ይጀምራል። የተመዘገበው ሰው ግን አልበቃም። ባሪያ እንዲህ ሊጽፍ አይችልም የሚል ጥርጣሬ ነበረና፥ ገዥው ቶማስ ሐቺንሰንና ጆን ሐንኮክ ያሉባቸው 18 የከተማው ታላላቅ ወንዶች ግጥሞቹ በእርግጥ የሷ ናቸው ብለን እናምናለን የሚል ወረቀት ፈረሙ። አንዳንዶች፥ እነዚህ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው በጥያቄ አፋጠጧት እያሉ ይተርካሉ፤ እንዲህ ያለ ጉባኤ ለመደረጉ ግን ማስረጃ የለም። ያለው የተፈረመው ወረቀት ነው፤ እሱም ይበቃል። መጽሐፏ በ1773 በለንደን ታተመ። ይህ ሁሉ ሆኖ ቶማስ ጄፈርሰን ስለ ቨርጂንያ በጻፈው መጽሐፍ ሃይማኖት ዊትሊን አፈራ እንጂ ባለቅኔ ማፍራት አልቻለም፤ በስሟ የወጣውም ለመተቸት እንኳ አይበቃም አለ። «የጻፈችው» ሳይል «በስሟ የወጣው» ማለቱን ልብ በሉ። 18 ፊርማ እንኳ አላጠገበውም።

እዚህ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ወጣት መምህር ሳለሁ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እናቷ ሌሊት ስትፈጭ የሚሰማውን የወፍጮ ድምፅ የሚመለከት ድርሰት ጽፋ ሰጠችኝ። በጣም ያማረ ነበር። እኔም በቀይ ቀለም «ይህን ማን ጻፈልሽ?» ብዬ ጻፍሁበት። መጥታ «ጋሼ፥ እኔ ነኝ» አለችኝ። አላመንኋትም። ከትምህርት በኋላ በባዶ ክፍል አስቀምጬ ሌላ አርእስት ሰጠኋት፤ እኔም ከፊቷ ቁጭ ብዬ እጇን እመለከት ነበር። የጻፈችው ከፊተኛው የተሻለ ሆነ። ከአሥር አሥር ሰጠኋትና ትክክለኛ ፍርድ የፈረድሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ከስድስት መስመር በላይ ጽፋልኝ አታውቅም። በዚያው ክፍል ከመጽሐፍ እየገለበጡ የሚያመጡ ወንዶች ነበሩ፤ አንዱንም እንደሷ ለብቻው አስቀምጬ አልፈተንሁም። ስለ ቦስተኑ ወረቀት ያነበብሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስሞቹን ስቈጥር ፲፱ኛው እኔ እንደ ሆንሁ ታወቀኝ።

«የኅትመት ሥራ ከባድ የወንድ ሙያ ስለ ነበረ ነው» የሚሉም አሉ። ይህ ውሸት ነው። ወደ እንግሊዞቹ ሰፈር የመጀመሪያው የማተሚያ መኪና በ1638 ሲመጣ ጌታው ግላቨር በባሕር ላይ ሞተና መኪናው በመበለቲቱ በኤልሳቤጥ ግላቨር እጅ ቀረ፤ በ1641 የሐርቫርድ ኮሌጅን አለቃ ስታገባ ነው ወደ ወንድ እጅ የገባው። በቻርልስተን ከተማ ኤልሳቤጥ ቲሞቲ ባሏ ሲሞት ጋዜጣውን ተረክባ አስተዳደረች፤ ሽሪካቸው የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በሒሳብ አያያዝ ከባሏ እንደምትበልጥ መስክሮላታል። በባልቲሞር ሜሪ ካትሪን ጎዳርድ የነፃነቱን አዋጅ ከፈራሚዎቹ ስም ጋር በጥር 1777 አተመች፤ የራሷንም ስም ከግርጌው አኖረች። ከ1775 ጀምራ የከተማው ፖስታ ቤት ሹም ነበረች፤ በ1789 ግን ሥራው ለሴት የማይመች ጉዞ አለበት ተብላ ተሻረች። ከ200 የሚበልጡ የከተማው ሰዎች አቤት ቢሉላት የሰማ የለም። እንግዲህ የሴት እጅ የወንድን ቃል ፊደል በፊደል ለቅሞ ለማተም ሲጠነክር፥ የገዛ ራሷን ቃል ለመጻፍ ደከመ ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

በእርግጥ የረዱ ወንዶች ነበሩ፤ አልክድም። ዉድብሪጅ ባይኖር ብራድስትሪትን አናውቃትም ይሆናል። ነገር ግን በሰው ይሁንታ የሚገባ ሰው በሰው ፊት ይወጣል። መርሲ ኦቲስ ዋረን በ1772 ቴያትሯን ያለ ስም አወጣች፤ በ1805 የአብዮቱን ታሪክ በሦስት ጥራዝ በስሟ ስታሳትም ዕድሜዋ 77 ዓመት ገደማ ነበር። የቤተ ሰቧ ወዳጅ የነበረውና ቀድሞ እንድትጽፍ ያበረታታት ጆን አዳምስ በመጽሐፉ የተጻፈበትን ስላልወደደው፥ ታሪክ የሴቶች ይዞታ አይደለም ሲል በ1813 ለወዳጁ ጻፈ። ሐና ፎስተርም በ1797 ባወጣችው ልብ ወለድ ላይ «የማሳቹሴትስ ሴት» ተብላ ቀረች፤ ስሟ በመጽሐፉ ላይ የታተመው በ1866 ነው፤ ያን ጊዜ ከሞተች 26 ዓመት አልፏታል።

ዊትሊ ነፃ ወጥታ፥ ባል አግብታ፥ በድህነት ላይ ሳለች በ1779 ሁለተኛ ጥራዝ ለማሳተም በቦስተን ጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣች። ጥራዙ 33 ግጥምና 13 ደብዳቤ እንደሚይዝ ተዘርዝሮ ነበር። በቂ ገዢ አልተገኘም። በታኅሣሥ 1784 በ31 ዓመቷ ገደማ ሞተች፤ የእጅ ጽሑፉም ከዚያ በኋላ ጠፋ። ከግጥሞቹ አንዳንዶቹ እዚህም እዚያም ተገኝተዋል፤ ጥራዙ ግን እንደ ጥራዝ እስከ ዛሬ አልተገኘም። «አልጻፉም» የሚለው ተከራካሪ ያን ጋዜጣ ይግለጥና ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ያንብበው።