ሒሳቡ ከመምጣቱ በፊት

ሠላሳን ከተሻገራችሁ ታውቁታላችሁ፤ አምስት ጓደኛሞችን በአንድ ማታ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ሠርግ ከመደገስ አይተናነስም። አንዷ ልጅ ታስተኛለች፣ አንዷ የማታ ፈረቃ አለባት፣ የአንዷ ባል ከመስክ አልተመለሰም። በቴሌግራም ግሩፓችን "መቼ ነው የምንገናኘው?" የሚለው ጥያቄ ሁለት ወር ከርሞ ባለፈው ቅዳሜ መልስ አገኘ። ቦታው ቦሌ አካባቢ የሚገኝ፣ ውስጡ እንደ ድሮ ባቡር የተሠራ ኮክቴል ቤት ነው።

ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ እንዲህ ያለ ቤት ስገባ ከመጠጡ በፊት የማየው ግድግዳውን ነው። መቀመጫዎቹ እንደ ፉርጎ ፊት ለፊት ተደርድረዋል፤ አስተናጋጆቹ የትኬት ቆራጭ ኮፍያ አድርገዋል። ሜኑው ትኬት ይመስላል፤ መጠጦቹ የፌርማታ ስም አላቸው። ሞጆ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ እያለ ይሄድና ጅቡቲ ላይ ያበቃል፤ ዋጋውም እንደ ርቀቱ ነው። "አዋሽ" ጠጅ የገባበት፣ በብርሌ የሚቀርብ ነው። ጠጅ በበረዶ! እናቴ ብታየው ታማትብ ነበር። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይጣፍጣል።

ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው፤ "ለገሃር" የምንለውም ፈረንሳዮቹ ባቡር ጣቢያን የሚጠሩበትን ቃል ይዘን ነው። ከአምስታችን በዚያ ባቡር የተሳፈረ የለም። የአንዷ አያት ግን ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ስታይ ስለ እሳቸው ማውራት ጀመረች። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ስንተዋወቅ ይህን አንድም ቀን አንሥታው አታውቅም። ጭብጥ ያለው ቤት ጥሩ ሲሆን እንዲህ ነው፤ ወሬ ይወልዳል። መጥፎ ሲሆን ፎቶ ተነሥታችሁ ትወጣላችሁ።

የዚህ ንግድ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። አሜሪካ የአልኮል ክልከላዋን ባነሳችበት በ1933 (እ.ኤ.አ.) ዶን ቢች የተባለ ሰው ሆሊውድ ውስጥ "ዶን ዘ ቢችኮምበር" የሚባል ቤት ከፈተ። በቀርከሃና በዘንባባ አስጌጦ የሩቅ ባሕር ደሴት አስመሰለው። ጣሪያው ላይ ውኃ እያርከፈከፈ ዝናብ የመጣ ያስመስል ነበር ይባላል፤ ዝናብ እየሰማ ማን ተነሥቶ ይሄዳል? ሠራተኞቹ ቀመሩን ይዘው ወደ ሌላ ቤት እንዳይሄዱበት ጠርሙሶቹን በስም ሳይሆን በኮድ ይጽፍባቸው ነበር። "ዞምቢ" የተባለውን ጠንካራ መጠጡን ደግሞ ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ አይሸጥም ነበር፤ ክልከላው ራሱ ማስታወቂያ ሆነለት። በሙያዬ ዓይን ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ።

እኛ ሀገርም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን አጥብቆ ከገደበው ወዲህ ዋናው ማስታወቂያ ቤቱ ነው። ብርሌውን ከፍ አድርገን ፎቶ የምንለጥፈው እኛ ነን፤ ያለ ደመወዝ።

እናም እዚህ ቤት የምትከፍሉት ለመጠጡ ብቻ እንዳልሆነ አውቃችሁ ግቡ። ለግድግዳው፣ ለኮፍያው፣ ለመብራቱም ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ የማትታለሉት ግን ሜኑውን እስከ ታች ስታነቡ ነው። ከላይ በጣም ውዱን መጠጥ የሚያስቀምጡት ሁልጊዜ ሊሸጡት ብለው አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ርካሽ እንዲመስላችሁ ነው። "ብር" የሚለው ቃል ከዋጋው አጠገብ የሚጠፋውም በስህተት አይደለም። ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል "10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት አይጨምርም" የሚል ካለ፣ 800 ብር ብላችሁ ያዘዛችሁት ኮክቴል መጀመሪያ 880 ይሆናል፣ ቫቱ ሲጨመርበት 1,012 ብር ይገባል። ይህ እንግዲህ ከአስተናጋጇ ጉርሻ በፊት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

እኛ ዘንድ እንደየሰው መክፈል ቋጣሪነት ይመስላል። ደረሰኙ ሲመጣ መጋፋት አለ፤ "ሙች እኔ ነኝ"፣ "አንቺማ ባለፈው ከፍለሻል"። የሚያምር ባህል ነው፤ ማኪያቶ ላይ። አምስት ሰው አሥራ አንድ ኮክቴል ከጠጣ በኋላ ግን ግፊያው ይቆምና "በቃ ለአምስት እናካፍለው" ይባላል። እኩል ማካፈል ፍትሐዊ ይመስላል። ከመካከላችን አንዷ ነርስ ናት፤ ደመወዟ ከባንኳ ልጅ ጋር አይገናኝም፤ አልኮልም አትጠጣም። ዓምና ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ቀረች፤ አንዴ ጉንፋን፣ አንዴ ተረኛ ነኝ፣ አንዴ እንግዳ መጣብኝ። ጉንፋኑ አምቦ ውኃ ጠጥቶ የጅቡቲን ዋጋ መክፈል እንደሆነ ያወቅነው አንዷ ቤቷ ሄዳ ቡና ስትጠጣ ነው። ለግሩፑ ልትጽፈው አልፈለገችም። ማን ይጽፋል?

የሠላሳዎቹ ጓደኝነት ብዙ ጊዜ በጠብ አይፈርስም። "አልተመቸኝም" እየተባለ ነው የሚሳሳው፤ ከጀርባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ብር አለ። ስለ ወሊድ፣ ስለ ባል፣ ስለ አማት ሳንደባበቅ እናወራለን፤ ስለ ደመወዝ ግን ዝም።

መላውን ያመጣችው አካውንታንቷ ናት፤ አዲስ ነገርም አልፈጠረችም። እናቶቻችን በየወሩ ጽዋ ማኅበር ሲጠጡ ማን ደረሰኝ ይከፋፈል ነበር? ተራ የደረሳት እንደ አቅሟ ትደግሳለች፤ የአንዷ ጠላ ቢሰምር የሌላዋ ዳቦ ቢያንስ ማንም በልቡ አይደምርም። እኛ ደግሞ በየወሩ እኩል አነስተኛ ገንዘብ ወደ አንዷ አካውንት እናስገባለን። መጠኑን የወሰነችው የሁላችንንም ደመወዝ አይታ ሳይሆን ነርሷን "ስንት ይመችሻል?" ብላ ለብቻ ጠይቃ ነው። ከዚያ ምግቡ ከጋራው ይከፈላል፤ መጠጥ እንደየጠጪው ነው። ቦታ የምትመርጠው ባለተራዋ ስትሆን ከጋራው ብር ማለፍ አትችልም።

ቅዳሜ ዕለት ይህን ሠራንበት። አስተናጋጁ ትኬት መሳዩን ሜኑ ሲያድል አካውንታንቷ "መጠጡን ለየብቻ ጻፍልን" አለችው፤ እሱም ቅንድቡን እንኳ አላነሣም። ስናፍር የኖርነው ለካ ለእሱ የዘወትር ሥራው ነው። ነርሷ አልኮል የሌለውን "ሞጆ" አዘዘች፤ ዝንጅብልና ብርቱካን ነው፣ እኔ ካዘዝኩት ይሻላል። (አልኮል የሌለው ሆኖ ዋጋው ከባለ አልኮሉ እምብዛም አይርቅም፤ ይህን የሚያስረዳኝ ባለሆቴል ካለ ቡና እጋብዘዋለሁ።) መኪና የያዘችው ከውኃ አላለፈችም፤ ሁለቱን እሷ አደረሰች፣ ሁለታችን ታክሲ ጠራን። አምስት ሰዓት ላይ ቤቴ ነበርኩ።

የሚቀጥለው ወር ተራ የነርሷ ነው። ቦታውን እስካሁን አልነገረችንም፤ ግሩፑ ላይ "እሑድ ጠዋት ነው፣ ሂል ጫማ የምታደርግ እንዳትመጣ" ብቻ ብላ ጽፋለች።