ቁስልን ከኃጢአት መለየት

በእስር ቤት ተገርፎ የተረፈ ሰው ሲያትል ከገባ በኋላ የንስሐ አባቱ ዘንድ ቀርቦ «ተገርፌያለሁ» ብሎ አይጀምርም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ ይላል። ጸሎት ላይ ሐሳቤ ይበታተናል፣ ልጆቼ ሲጮኹ ልቤ ይደነግጣል፣ ባለቤቴን ያለ ምክንያት እቆጣለሁ፣ ምናልባት መንፈስ ይሆን አባቴ? ይላል። አንዳንዱ ከዚህ የከበደ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ምርመራው ሲበረታበት የጓደኛውን ስም ተናግሯል፣ ጓደኛውም ተይዞ ሄዶ አልተመለሰም። ይህን የሚሰሙት ቄስ፣ ፓስተር ወይም ኢማም የሚሰጡት መልስ ከየትኛውም ሐኪም ቃል ቀድሞ ስለሚደርስ ሊያድንም ሊጎዳም ይችላል። እኔ እንደማምነው መልሱ የሚቃናው የሃይማኖት አባት ቁስልን ከኃጢአት ሲለዩ ነው። ምክሩም፣ ጸበሉም፣ ወደ ሆስፒታል መሸኘቱም ከዚያ በኋላ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ወገኖቻችን መጀመሪያ የማንን በር እንደሚያንኳኩ ለመገመት ጥናት ባያስፈልግም ጥናቱ አለ። በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል በ1,044 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ የመጡት ከመቶ 41 ያህሉ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ሌሎቹ ቀድመው ከደረሱባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደሞቹ ካህንና ጸበል ነበሩ። ይህ ልማድ ባሕር ሲሻገር የሚቀር አይመስልም። የሚመጣው ሰው ምን ተሸክሞ እንደሚመጣም ፍንጭ አለን። በሚኒሶታ በሚኖሩ 1,134 የሶማሌና የኦሮሞ ስደተኞች ላይ ተሠርቶ በ2004 የወጣ ጥናት፣ ሰቆቃ የደረሰባቸው ሰዎች መጠን እንደ ብሔራቸውና እንደ ጾታቸው ከመቶ 25 እስከ 69 እንደሚደርስ አግኝቷል። የሲያትልን ቁጥር ከዚያ ተነስቶ መተንበይ አይገባም፤ ታሪኩ ግን አንድ ነው። በሱዳን በኩል የወጣው የቀይ ሽብር ትውልድ እዚህ አለ። ማዕከላዊን የቀመሰ አለ፤ እስር ቤቱ በተዘጋበት በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በፓርላማ ፊት መንግሥት ዜጎቹን ያሰቃይ እንደነበር በአንደበታቸው አምነዋል። ከ2020 እስከ 2022 ትግራይን፣ አማራንና አፋርን ካነደደው ጦርነት የተረፈ አለ፤ ከ2023 ወዲህ ከአማራ ክልል የወጣም አለ።

ስም ተናገርኩ ብሎ ወደሚያለቅሰው ሰው እንመለስ። በወፌ ላላ ተንጠልጥሎ ውስጥ እግሩን የሚገረፍ ሰው የሚያወጣው ቃል ከገራፊው አፍ የወጣ ያህል ነው፤ ሰቆቃ የሚፈጸመውም ሰው የገዛ ፈቃዱ ጌታ እንዳይሆን ነውና። ኃጢአት ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ከአባቶች የተሻለ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ለተነሳሒ ሁሉ እንደ ልማድ የሚሰጠው ጾምና ስግደት ለዚህ ሰው ሲሰጥ፣ ገራፊው «ጓደኛህን ያስበላኸው አንተ ነህ» ብሎ የዘራበትን ሐሳብ ቤተ ክርስቲያን በማኅተሟ አጸናችለት ማለት ነው። ቀኖናው ሲበዛ ቀላል ቢሆን እንኳ ትርጉሙ ይሄው ነው። በአንጻሩ «ልጄ፣ ይህ ያንተ ዕዳ አይደለም» የሚለው ቃል በሥልጣነ ክህነት ሲነገር፣ ማንም የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊሰጠው የማይችለው ነገር ነው። ባለሙያው ያስረዳዋል፤ ካህኑ ይፈቱታል። በጦርነት ለተደፈረች ሴት ደግሞ ይህ ቃል እጥፍ ያስፈልጋታል፤ እርሷ የምትፈራው ፈጣሪን ብቻ ሳይሆን ባሏን፣ አማቷንና የማኅበሩን ሰው ጭምር ነው።

ሥጋውንም ማየት ይገባል። ውስጥ እግሩ የተገረፈ ሰው ከዓመታት በኋላም መቆም ሊያመው ይችላል። ጫማ አውልቆ ቅዳሴ ማስቀደስ፣ በሰሙነ ሕማማት መስገድ ለእርሱ እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠን ጎልማሳ «ምነው፣ ገና በጉልበትህ ሳለህ?» ብሎ የሚያስነሳ አስተናጋጅ ምን እየነካ እንደሆነ አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። ስለዚህ ምክንያት ሳይጠየቅ ሁሉም የሚቀመጥበት ቦታ ቢኖር ለማንም አይከብድም።

ጸበልን የምነቅፍ መስሎ እንዳይታይብኝ። ለብዙ ሰው ከመድኃኒት በፊት ተስፋ የሰጠው ጸበል ነው። ነገር ግን ራሱን ውኃ ውስጥ እየደፈቁ የመረመሩትን ሰው በድንገት ፊቱ ላይ ውኃ መድፋት፣ የፊጥኝ ታስሮ ያደረን ሰው መንፈስ አለበት ብሎ እንደገና ማሰር፣ ጆሮው ሥር በማይክሮፎን «ውጣ!» እያሉ መጮኽ፣ ያንን ሰው ወደ ምርመራው ክፍል ሊመልሰው ይችላል። መጮኹና መውደቁ የመንፈስ ምስክር ተደርጎ ሲቀረጽና በዩቲዩብ ሲለቀቅ ደግሞ ውርደቱ ሁለተኛ ጊዜ ይፈጸማል። ከመጠመቁ በፊት ምን እንደሚያስደነግጠው መጠየቅ፣ ሲበቃው «በቃኝ» እንዲል መፍቀድ ከጸበሉ በረከት የሚቀንሰው ነገር የለም። የሰቆቃ ዋናው ነገር «በቃኝ» ማለት አለመቻል ነበርና ይህችን ቃል መልሶ ማግኘቱ ራሱ የፈውሱ አካል ነው።

ወደ ሐኪም መላክ የእምነት ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልስ የሰጡት የቤተ ክርስቲያኒቱ አባት ናቸው። የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እየተዉ በእንጦጦ ጸበል ብቻ በሚተማመኑበት ጊዜ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ አስተማሩ። ለሥጋ ደዌ የተፈቀደው ለአእምሮ ቁስል የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። በእስልምናም የታመመ ሰው በረመዳን እንዲጾም አይገደድም። መድኃኒት በሰዓቱ መዋጥ ያለበትን ሰው «ጾሙን ግን እንዴት ልታደርገው ነው?» ብሎ ከማስጨነቅ፣ አባቱ ራሳቸው ቀድመው «መድኃኒትህን ውሰድ» ቢሉት ስንቱ ከመባባስ ይተርፋል!

ሌላው ተቃውሞ ከባለሙያዎች ወገን የሚመጣ ነው፤ ካህን አልሠለጠነም፣ ቁስል ነክቶ ሊያባብስ ይችላልና ዳር ቢቆም ይሻላል ይላል። ሥጋቱ እውነት ነው፣ መደምደሚያው ግን አያስኬድም፤ ሰው እንደሆነ ወደ ካህኑ መሄዱ አይቀርም። ደግሞም የመጀመሪያው እርዳታ ታሪኩን መመርመር አይጠይቅም። እዚሁ በሲያትልና በኪንግ ካውንቲ ለስደተኞች ተዘጋጅቶ ወደ ሌሎች ስቴቶች የተሠራጨው ባለ 15 ነጥብ መጠይቅ ስለ ግርፋት አንድም ጥያቄ የለውም። የሚጀምረው በጡንቻ፣ በአጥንትና በመገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ቀጥሎ ስለ ማዘን፣ ስለ ሐሳብ መብዛት፣ ያለ ምክንያት ስለ መደንገጥ ይጠይቃል። ይህን ያህል ማንኛውም ቄስ ቡና እየጠጡ ሊጠይቁ ይችላሉ። አርአያ ከተፈለገም ኤልያስ አለ። ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ፣ ሞቱን ተመኝቶ በክትክታ ዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፣ ምን እንደደረሰበትም አልመረመረውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ተመልሶ እንዲተኛም ተወው። ጥያቄው የመጣው ብዙ ቆይቶ፣ ሰውየው ጉልበት ካገኘ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ የይቅርታ ጉዳይ ነው። «ይቅር በል፣ ለራስህ ይቀልሃል» የሚለው ምክር በቅን ልብ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሥርዓቱን ይገለብጣል። በንስሐም ሆነ በሽምግልናችን መጀመሪያ የሚናገረው በዳይ ነው፤ በደሉን አምኖ፣ ካሣ ክሶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። ከሰቆቃ የተረፈው ሰው ግን በዳዩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይቅር እንዲል ይጠየቃል። ይህ ነገር ለእኛ የመጽሐፍ ላይ ክርክር ብቻ አይደለም። በአትላንታ አንዲት ከቀይ ሽብር የተረፈች ሴት በምትሠራበት ሆቴል ውስጥ ያሰቃያትን ቀልቤሳ ነገዎን አገኘችው። እርሷና ሁለት ሌሎች ሴቶች ከሰውት በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው፤ ሰውየው በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። በዴንቨር ደግሞ ከፍአለኝ ዓለሙ የሚባል የቀይ ሽብር እስር ቤት ዘበኛ በቀድሞ እስረኛ ተለይቶ በ2014 የ22 ዓመት እስር ተፈርዶበታል። ገራፊና ተገራፊ በአንድ ከተማ፣ ምናልባትም በአንድ ቤተ መቅደስ ሊገናኙ ይችላሉ ማለት ነው። እነዚያ ሴቶች ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት «ለማኅበረሰቡ ሰላም ስትሉ ተዉት» ተብለው ቢሆን ኖሮ ሰላም ያገኝ የነበረው ማን ነው? ይቅርታ የተበዳዩ ስጦታ ነው፤ ቀኑን የሚቆርጠውም እርሱ ነው። የካህኑ ድርሻ ያ ቀን ባይመጣም ከሰውየው አጠገብ አለመራቅ ነው።

የማይካድ ችግር ደግሞ አለ። የእምነት ቤቶቻችን ራሳቸው ተከፋፍለዋል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሀገር ቤትና የስደት ሲኖዶስ ተብሎ የነበረው ልዩነት በ2018 በዕርቅ ቢዘጋም፣ የትግራዩ ጦርነት ሌላ ስንጥቅ አመጣ፤ በ2023 መጀመሪያ ደግሞ በኦሮሚያ የተፈጠረው የሲኖዶስ ቀውስ ተጨመረበት። አንዱን ወገን ከመድረክ የሚያወድስ ስብከት የሰማ፣ በዚያው ወገን የተገረፈ ሰው፣ ቁስሉን ለሰባኪው አይገልጥም። ለዚህ ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። አንድ ነገር ግን ማድረግ ይቻላል። በጸሎት «በየእስር ቤቱ ለተሠቃዩ» ሲባል የየትኛው መንግሥት፣ የየትኛው ታጣቂ ተብሎ ሳይለይ ይባል። ይህ ገለልተኛ ሆኖ ዝም ማለት አይደለም። ግፍን በስሙ እየጠሩ ተጎጂን በደረጃ አለማስቀመጥ ነው።

የምስጢር ጉዳይም አለ። የዋሽንግተን ስቴት በ2025 ካህናት የልጆችን ጥቃት በንስሐ ቢሰሙ እንኳ እንዲጠቁሙ የሚያስገድድ ሕግ ሲያወጣ ካቶሊኮችና ኦርቶዶክሶች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የፌዴራል ዳኛም በሐምሌ ንስሐን በሚመለከት ሕጉ እንዳይፈጸም አገዱ። ከንስሐ ውጭ የተሰማ የልጅ ጥቃት መጠቆም አለበት፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ለንስሐ ምስጢር እስከ ፍርድ ቤት ከተሟገትን፣ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ የሚወራውን «እገሌ እኮ ታስሮ ነበር፣ እንዲህ አድርገውት ነው» ምን እንበለው? በዚህች ትንሽ ማኅበረሰብ አስተርጓሚው የሚያውቀኝ ሰው ቢሆንስ ብሎ ከክሊኒክ የሚቀር ሰው አለ። ስለዚህ ቄሱም የቄሱ ልጅም አስተርጓሚ ሆነው ባይገቡ ይመረጣል። ሆስፒታሉ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክ፣ ከሌላ ከተማ ይሁንልኝ ብሎ መጠየቅም ይቻላል።

የቀረው ሥራ ነው። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው አሜሪካ በገባ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። ከሰቆቃ የተረፈ ሰው ደግሞ ያንን ዓመት ታሪኩን ላለማስታወስ ሲታገል ሊያሳልፈው ይችላል። አዲስ ፊት ያዩ አባት «ከገባህ ስንት ወር ሆነህ?» ብለው ወደ ሰሜን ምዕራብ የስደተኞች መብት ፕሮጀክት ጠበቆች ቢልኩት ከብዙ ስብከት ይበልጣል። በሃርበርቪው ሆስፒታል ከ1994 ጀምሮ የኛን ቋንቋዎች የሚናገሩ የጤና አገናኞች ሲሠሩ ኖረዋል። ለስደተኞችና ከሰቆቃ ለተረፉ ሰዎች ለዓመታት ምክር ሲሰጥ የቆየው የሉተራን ኮሚኒቲ ሰርቪስስም ከቤተ ክርስቲያን የተወለደ ድርጅት ነው። ሌሊት ራሴን ላጥፋ የሚል ሰው ስልክ ቢደውልላቸው 988 የሚለውን የራስ ማጥፋት መከላከያ ስልክ ቁጥር አባቶች በቃላቸው ሊያውቁት ይገባል። በጥር 2025 የስደተኞች ቅበላ ሲታገድ በመላ አገሪቱ ብዙ የማቋቋሚያ ድርጅቶች ሠራተኛ ቀንሰዋል፤ አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹ ግን በዚያም ሰሞን በራቸው ክፍት ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት የሰቆቃ ሰለባዎችን ለመደገፍ የሰየመው ቀን ጁን 26 በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 19 ላይ ይውላል፤ ወርኃዊው የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነው። በሲያትልና በአካባቢዋ ያላችሁ ሰበካ ጉባኤዎች፣ በዚያ ቀን በየእስር ቤቱ ለተሠቃዩት ጸልዩላቸው፤ ከጸሎቱ በኋላም አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋብዛችሁ ለካህናቱ ብቻ፣ በር ተዘግቶ፣ እንዲያስረዳ አድርጉ። የመስጊድና የወንጌላውያን መሪዎችም በየራሳችሁ ቀን ይህንኑ አድርጉ።