ዳጉሳ ገዢ ይፈልጋል

ካምፓላ ላይ ከናኪቩቦ ስታዲየም ጎን፣ ኦዊኖ ገበያ ውስጥ እህል የምትሸጥልኝ ሴት ዳጉሳን «ቡሎ» ትለዋለች። ሁለት ጆንያ ከፍታ ትቀመጣለች፤ አንዱ መሬት ላይ የተወቃ ነው፣ ሌላው ሸራ ላይ። የሸራው ይወደዳል። እዚህ በመጣሁ ሰሞን ርካሹን ገዝቼ፣ ለሽያጭ ጋግሬ፣ እንጀራዬ ደንበኛዬ ጥርስ ላይ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬ «ኛቦ፣ የቱን ልስፈርልሽ?» ስትለኝ እፍኝ አንስቼ መዳፌ ላይ አሻለሁ፤ አፈር ከሌለው የጠራችውን እከፍላለሁ።

እዚህ ጤፍ ስለሚወደድ ዳጉሳ እቀይጣለሁ። ጎጃም ያለችው አያቴም የምታደርገው ይህንኑ ነበር።

አገራችን ኢትዮጵያ እንደ ዳጉሳ ያሉ ነባር ዘሮቿን በማስቀመጥ አትታማም። የአዲስ አበባው የዘር ባንክ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ተመራማሪዎቻችንም የተሻሻሉ የዳጉሳ ዝርያዎች አውጥተዋል። ገበሬው ግን ዘሩ ስለተገኘ ብቻ አይዘራም። ዳጉሳ አረሙ ወገብ ይቆርጣል፣ ውቂያው አድካሚ ነው። ይህን ሁሉ ችሎ ለጠላና ለአረቄ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ፣ የመንግሥት ዓይን ወዳረፈበት ወደ ስንዴ ቢዞር ማን ይፈርድበታል?

ኡጋንዳ በማሽላ ያደረገችውን እንይ። የሰሬሬ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተመራማሪዎች ኤፑሪፑር የተባለ ነጭ ማሽላ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ናይል ቢራ ፋብሪካ ከዚሁ ማሽላ «ኢግል» ቢራን መጥመቅ ሲጀምር፣ መንግሥት ከአገር ውስጥ እህል በሚጠመቀው ቢራ ላይ የሚጣለውን የኤክሳይስ ታክስ ቀነሰ። ገበሬው ከመዝራቱ በፊት ገዢውን አወቀ።

«ታዲያ መጠጥ እናስፋፋ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልወጣኝም። ለኛ ከጠማቂ የተሻለ ገዢ አለ፤ የተማሪዎች ምገባ። አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በትምህርት ቤት ይመገባሉ። ዳጉሳ ደግሞ ለአጥንት የሚሆን ካልሲየም የሞላው እህል ነው። መንግሥት ከገንፎውና ከእንጀራው የተወሰነውን ድርሻ ለዳጉሳ ይስጥ፤ ዋጋውንም ከዘር ወቅት በፊት ያሳውቅ፤ ለንጹሑ አብልጦ ይክፈል።

ያን ጊዜ ሸራውን ገበሬው ራሱ ገዝቶ ያነጥፋል። የኦዊኖዋ ሴትዮ ሁለት ጆንያ የለየችው፣ ልዩነቱን የሚከፍል ሰው ስላገኘች ነው።