ስካኑ ላይ የታየችው ሁለተኛ ነጥብ



ለታማሚ ገንዘብ ማሰባሰብ ለግቢያችን ጀመዓ አዲስ ነገር አይደለም። የባንክ ሒሳብ ቁጥር በቴሌግራም ይለቀቃል፣ ሳጥን ይዞራል፣ ታማሚው ወደ ሕንድ ወይም ወደ ቱርክ ይሸኛል። አልሐምዱሊላህ፣ በዚህ አንታማም። ጥያቄያችን ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ታማሚው ፔት ሲቲ የሚባለውን የመላ ሰውነት ምርመራ አድርጎ ሲመለስ፣ ሪፖርቱ ከሚታወቀው ካንሰር ሌላ ባልታሰበ ቦታ ነጥብ ታየ ቢል ምን እናደርጋለን? ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የሚያነበው እንግሊዝኛ የሚችለው የቤተሰቡ ልጅ ነው። «ተሰራጭቷል» ይባላል፣ ለታማሚው አይነገርም፣ መዋጮውም ቀስ በቀስ ይቆማል። ይህ ትክክል ነው ብለን አናምንም።

ምርመራው እንዲህ ነው። ፍሎሪን 18 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተያያዘበት ስኳር በደም ሥር ይሰጣል፤ ስኳር በብዛት የሚወስድ የሰውነት ክፍል በምስሉ ላይ ይበራል። ካንሰር ስኳር ይወዳል፤ ግን እርሱ ብቻ አይደለም። አንጎል ይበራል። ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ታማሚ አንጀቱ በሰፊው ሊበራ ይችላል። በቲቢ የተያዘ ንፍፊትም ይበራል፤ ቲቢ በበዛበት አገራችን ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ስካኑ ቦታውን ያሳያል እንጂ የበሽታውን ስም አይናገርም።

አንገት ላይ ያለችውን የታይሮይድ ዕጢ እንውሰድ። በሌላ ምክንያት ፔት ከተነሡ 100 ሰዎች በ1 ወይም በ2ቱ ላይ ሳይታሰብ ዕጢዋ ላይ የምትበራ ነጥብ ትገኛለች። ናሙና ሲወሰድ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ካንሰር ይሆናል፤ ያውም በአብዛኛው እዚያው የተነሳ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግና በቀዶ ሕክምና የሚድን ዓይነት። ትልቁ አንጀት ላይ ለብቻዋ የምትበራ ነጥብም ኮሎኖስኮፒ ትፈልጋለች፤ ወደ ካንሰር ሳይቀየር ተቆርጦ የሚወጣ ፖሊፕ ልትሆን ትችላለችና።

አንድ ሰው ላይ ሁለት ካንሰር ይኖራል ወይ? አዎ። ዋረንና ጌትስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1932 መለያውን አስቀምጠዋል፦ ሁለቱም ካንሰር መሆናቸው ይረጋገጥ፣ የተለያዩ መሆናቸው ይታይ፣ አንዱ ከሌላው የተሰራጨ አለመሆኑ ይጣራ። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የጡት ካንሰር ያለባት እናት ሳንባዋ ላይ ነጥብ ታየ እንበል። ከጡቷ የተሰራጨ ከሆነ ሕክምናው በአብዛኛው በሽታውን ተቆጣጥሮ ዕድሜ ማራዘም ነው። ራሱን ችሎ የተነሳ ትንሽ የሳንባ ካንሰር ከሆነ ግን ሁለቱም ለየብቻ ሊድኑ ይችላሉ። ቲቢ ከሆነ ደግሞ የ6 ወር መድኃኒት ነው። ከምስሉ ብቻ እነዚህን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም፤ ናሙና መወሰድ አለበት።

ነጥብ ሁሉ ይወጋ ማለታችን አይደለም። ዋናው ሕመም እጅግ የገፋበት ሰው ቀስ ብላ ለምታድግ የአንገት ዕጢ መርፌ ላይፈልግ ይችላል። ግን ይህን የሚወስነው ማነው? ታማሚው ከሐኪሙ ጋር ሆኖ ነው እንጂ አጎትና አክስት በር ዘግተው አይደለም። «ልቡ እንዳይሰበር ብለን ነው» የሚለውን እናውቀዋለን፤ ሁላችንም ያደግንበት ነው። ሰውየው ግን ዕዳ ሊኖርበት ይችላል። ወሲያ መጻፍ፣ አውፍ መባባል ይፈልግ ይሆናል። ጭራሽ ሊድን የሚችል በሽታ ሆኖ ሳለ ሳያውቅ ሲቀርማ ምን ይባላል?

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። በእርዳታ ኮሚቴያችን የወጪ ሠንጠረዥ ውስጥ ቪዛ፣ ትኬት፣ ማደሪያና ስካን አለ። ባዮፕሲ የሚል መስመር ግን የለም። ከሚቀጥለው መዋጮ ጀምሮ ከስካኑ ጋር አብሮ ይያዝ፤ ናሙናው እዚሁ አገር ውስጥም ሊወሰድ ይችላል። ሕክምና የምንማር ልጆችም ሪፖርት አንብቡልን ስንባል «ተሰራጭቷል» ከማለት ተቆጥበን፣ ወረቀቱን ከታማሚው ጋር ወደ ሐኪሙ እንውሰድ። የምስሉን ሲዲ አትርሱ፤ ሐኪሙ ወረቀቱ ብቻ አይበቃውም።